የምሳው ሳህንና የጠመኔው ገንዘብ

(በአዲስ ቅዳም ለአጥቢያ ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር)



 ዛሬ እንድንነጋገርበት የመረጥነው ጉዳይ ከየአጥቢያው ከምትልኩልን ደብዳቤዎች የተገኘ ነው። ደብዳቤዎቹ በአጻጻፍ ይለያዩ እንጂ ልመናቸው አንድ ነው። በቀበሌያችን ያሉ ልጆች ሳይበሉ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉና እባካችሁ ምሳ ጀምሩላቸው ይላሉ። ልመናው ትክክል ነው። የራበው ልጅ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው አይታየውም፤ ይህን ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል።

እኛ ዛሬ የምናነሣው ግን ከልመናው ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ነው። ነፃ ምሳ ወደ አንድ ድሃ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ትምህርት ቤቱ አስቀድሞ በእጁ የነበረውን ገንዘብ ምን ያደርገዋል? ይጨምርለታል ወይስ ይበላበታል? ጥያቄው የሒሳብ ሹም ጥያቄ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ሳህኑ ከአንድ ሰው ከረጢት መሞላቱ የማይቀር ነው። ያ ከረጢት የማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ እሳቱ ከተለኮሰ፣ ልጁ ዛሬ በልቶ በሚመጣው ዓመት መጽሐፍና ጠመኔ ያጣል።

እንግዲህ ከቆምንበት ምድር እንጀምር። እንግዳ ሰው ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር ሲያልፍ፣ በእንጅባራና በዳንግላ መካከል ዓይኑ የሚያርፈው አረንጓዴ ላይ ነው። ገብሱ፣ ጤፉ፣ ድንቹ፣ ከዚያም በየማሳው እንደ ሰብል የተተከለው ዲከረንስ ያጠግበዋል። ስለዚህም ፋግታ ለኮማና አካባቢው በመንግሥትም ሆነ በረድኤት ድርጅቶች ዘንድ ሲነሣ የሚነሣው ትርፍ አምራች ተብሎ ነው። በአገራችን ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር በክልላችን የታሰቡት እንደ ዋግ ኽምራ፣ እንደ ሰሜንና ደቡብ ወሎ ያሉ፣ ድርቅ የሚደጋግማቸው አካባቢዎች ነበሩ። የትምህርት ቤት ምገባም በአመዛኙ የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ይህን ስሕተት ነው አንልም። እሳት ወደ ተነሣበት ቤት አስቀድሞ መሮጥ ተገቢ ነው።

ነገር ግን ወረዳ ጠገበ ማለት በወረዳው ያለው ልጅ ሁሉ ጠገበ ማለት አይደለም። ይህን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥታ በድርሻዋ የምትኖር መበለት አለች። ማሳውን በሙሉ ዲከረንስ ተክሎ፣ እህሉን ከከሰሉ ሽያጭ በሚያገኘው ገንዘብ ሊገዛ የተማመነ አባወራ አለ። ዛፉ ለከሰል እስኪደርስ አራትና አምስት ዓመት ይጠበቃል፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ በሽታ ገብቶበት የብዙ ሰው ተክል ሳይደርስ ደርቋል። እንዲህ ያለው ቤት ከሩቅ ሲያዩት ደን የከበበው የባለጸጋ ቤት ነው። ውስጡ ሲገቡ ግን በጎተራው እህል የለም። ትምህርት የሚጀመረው በመስከረም ነው፤ አሮጌው እህል አልቆ አዲሱ ገና ባልደረሰበት ወር። ድንች የደረሰለት ቤት ይተርፋል፤ ያልደረሰለት ልጁን በቆሎ እሸት አስይዞ፣ እርሱም ከተገኘ፣ ይልከዋል።

ይህን ልጅ የሚቆጥር መዝገብ የለም። በአገራችን የድህነት ቆጠራ እስከ ትምህርት ቤት ወንበር አይወርድም። ነገሩን ወደ ኋላ እንመለስበታለን፤ አስቀድመን የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ እንመልከት።

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤት እስከ 10ኛ ክፍል ድረስ ክፍያ የለም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ክልሉ ለወረዳው ጥቅል በጀት ይመድባል፤ ወረዳውም ከዚያ ውስጥ ለትምህርት ይከፍላል። ከትምህርቱ ድርሻ የሚበዛው ለመምህራን ደመወዝ የሚውል መሆኑን በወረዳ ጽሕፈት ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ለጠመኔ፣ ለመዝገብ፣ ለተሰበረ ወንበር፣ ለጣሪያ ቆርቆሮ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ይህን ጉድለት ለመሙላት በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ለየትምህርት ቤቱ በተማሪ ቁጥር ልክ ገንዘብ ማደል ጀመረ። መምህራን «ስኩል ግራንት» የሚሉት ይህ ነው። መጠኑ በአንድ ተማሪ በጥቂት አሥር ብሮች የሚቆጠር ነበር፤ ቢሆንም በገጠር ትምህርት ቤት ርእሰ መምህሩና የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ በራሳቸው ውሳኔ ሊያወጡት የሚችሉት ጥሬ ገንዘብ እርሱ ነበረ። ከዚያ የቀረው ከወላጅ መዋጮ፣ ከግቢው ሣርና ባሕር ዛፍ ሽያጭ ይገኛል።

አሁን ልብ በሉ። ድጎማው የሚታደለው በራስ ቁጥር ነው። ሀብታም ልጅም ድሃ ልጅም እኩል አንድ ራስ ነው። ምሳ ደግሞ ራስ ያበዛል።

ይህ በአገራችን የታየ ነገር ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ የትምህርት ቤት ምገባን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ከዚያ ወዲህ በድርቅ አካባቢዎች ለብዙ ሺሕ ልጆች ፋሚክስ በገንፎ መልክ ተሰጥቷል፤ በአርብቶ አደሩ አገርም ሴት ልጆች ትምህርት ቤት እንዳይቀሩ ዘይት ወደ ቤታቸው ይዘው እንዲሄዱ ተደርጓል። ገንፎው ባለበት ምዝገባው ይጨምራል፣ መቅረት ይቀንሳል፤ በተለይ ሴቶቹ ልጆች ይቆያሉ። ምዝገባው ሲጨምር በራስ ቁጥር የሚታደለው ድጎማ አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ የመጀመሪያው መልስ ደስ የሚያሰኝ ነው። ምሳ ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያመጣል።

ይሁን እንጂ ገንዘቡ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ልጆቹ በጥቅምት ይመጣሉ፤ ቁጥራቸው ተመዝግቦ ወደ ዞን፣ ወደ ክልል ተልኮ ድጎማው እስኪስተካከል ዓመት ያልፋል። በዚያ ዓመት ውስጥ በ60 ልጆች ክፍል 80 ልጆች ይቀመጣሉ፤ መምህሩም አንድ፣ መጽሐፉም ያው ነው። ልጁ ሆዱ ሞልቶ ወለል ላይ ተቀምጦ ይማራል። ከፕሮጀክት ሠራተኞቻችን መካከል «የተማሪው ቁጥር በዚህን ያህል አደገ» እያሉ በደስታ የሚጽፉልን አሉ። ደስታው ተገቢ ሆኖ ሳለ፣ በዚያው ሪፖርት ላይ የወንበሩና የመምህሩ ቁጥር ስንት እንደ ሆነ ቢጻፍልን እንወዳለን።

ከዚህ የሚከብደው የጎረቤት ትምህርት ቤት ነገር ነው። አንድ አጥቢያ ወይም አንድ ድርጅት ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ምሳ ሲጀምር፣ ከወንዙ ማዶ ካለው ትምህርት ቤት ልጆች ይነሡና ይመጣሉ። ወላጅ አይፈረድበትም፤ የትም ያለ እናት ልጇን ወደሚበላበት ትልካለች። ግን ማዶ ያለው ትምህርት ቤት 100 ልጅ ሲጎድልበት የ100 ልጅ ድጎማ ይጎድልበታል፤ ቁጥሩ ከቀጠለም መምህሩ ወደ ሌላ ይዛወራል። እዚያ የቀሩት እነማን ናቸው? ወንዝ መሻገር የማይችሉት ትንንሾቹ፣ ከብት የሚጠብቁት፣ አካለ ስንኩላኑ ናቸው። እኛ በበጎ ልብ አንዱን ስንመግብ፣ ከድሆች ሁሉ የደኸዩትን ልጆች ትምህርት ቤት አራቆትን ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ከእንግዲህ ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ የሚቀርብ የምሳ ጥያቄን አንቀበልም። ጥያቄው ከጉድኝቱ ትምህርት ቤቶች ሁሉ በአንድነት ይምጣ፤ ገንዘቡ ለሁሉ ካልበቃ የሚሰጠው ጥቂት ይሁንና ለሁሉ ይዳረስ።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። «ነፃ ምሳ» የሚለው ቃል ለልጁ እውነት ነው፤ ለትምህርት ቤቱ ግን እውነት አይደለም። በተለመደው አሠራር ለጋሹ የሚያመጣው እህሉን፣ ዘይቱንና ጨውን ነው። መጋዘኑ፣ ኩሽናው፣ ማገዶው፣ ውኃውና የወጥ ቤት ሴቶቹ ክፍያ «የኅብረተሰቡ ድርሻ» ተብሎ ይቀመጣል። ቃሉ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ለስሌት ያህል 600 ልጆች ያሉትን አንድ ትምህርት ቤት እንውሰድ። ለአንድ ልጅ በቀን 120 ግራም ፋሚክስ ብንል ለቀን 72 ኪሎ ይሆናል፤ በ180 የትምህርት ቀናት ወደ 130 ኩንታል ይጠጋል። ይህን የሚይዝ፣ ዝናብና አይጥ የማይገባበት መጋዘን ይፈልጋል። ገንፎው በየቀኑ ከ15 ጀሪካን ያላነሰ ውኃ ይጠጣል፤ ከሦስት አራት ሸክም ያላነሰ እንጨት ይበላል። አራት ወጥ ቤት ሴቶች በወር 1,500 ብር ቢከፈላቸው በአሥር ወር 60,000 ብር ነው። በዚያ ትምህርት ቤት ድጎማው በአንድ ልጅ 50 ብር ቢሆን በዓመት የሚገባው 30,000 ብር ነው። እንግዲህ ለወጥ ቤቶቹ ብቻ የሚከፈለው ከጠቅላላው የጠመኔና የመጽሐፍ ገንዘብ እጥፍ ሆነ።

ይህ 60,000 ብር ከየት ይመጣል? ከወላጅ እንዳይባል፣ ምሳው ያስፈለገው ወላጅ ስለሌለው ነው። ርእሰ መምህሩ በጭንቅ ላይ ሲወድቅ እጁ የሚደርሰው አጠገቡ ወዳለው ገንዘብ ነው። አስቀድሞ ማገዶ ይገዛበታል፤ ቀጥሎ የመጋዘን ቁልፍና ቆርቆሮ፤ ከዚያ የሁለት ወር ደመወዝ። በመጨረሻ መምህሩ ጠመኔ ሲጠይቅ የለም ይባላል። ማንም አልሰረቀም፤ ሁሉም ለልጆች ዋለ፤ ግን ሳህኑ ጠመኔውን በላው። ወይም ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው እንጨትና ጀሪካን ተሸክመው እንዲመጡ ይደረጋል። በየጠዋቱ እንጨት ለቅማ የምትመጣዋ ሴት ልጅ የመጀመሪያው ትምህርት ያልፋታል፤ ምሳውን ከፈለች ማለት ነው።

ኩሽናውን ከሌላ ቦታ የሚሸከም ሲገኝ ግን ነገሩ ይለወጣል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ላሉ ልጆች ቁርስና ምሳ ሲጀምር፣ ወጪውን ያቆመው በከተማው በጀት ላይ ነው። ቀደም ብሎ የእናት ወግ በጎ አድራጎት ማኅበር የጀመረው ነበርና መንገዱ ተጠርጓል። የሚያበስሉት እናቶች ተደራጅተው ይከፈላቸዋል፤ ትምህርት ቤቱ ከድጎማው ለወጥ ቤት እንዲያወጣ አልተተወም። ዩኒፎርምና ደብተርም ከዚሁ ጋር ስለተሰጠ በወላጅ ላይ የነበረው ሸክም ቀለለ። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ የራሷ ገቢ ያላት ከተማ ናት። ፋግታ ለኮማ አይደለችም። የአዲስ አበባን ሳህን ያየ ሰው የአዲስ አበባን ካዝናም አብሮ ማየት ይገባዋል።

እዚህ ላይ ለአካባቢያችን የሚቀርብ ሌላ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በደቡብና በኦሮሚያ ለትምህርት ቤት ምሳ የሚሆነው እህል ከአካባቢው ገበሬዎች እንዲገዛ ተሞክሯል። በእኛ አገር ድንችና ገብስ አለ፤ ከመኸር በኋላ ዋጋው ይወድቃል። ከገበሬው ኅብረት ሥራ ማኅበር በኅዳርና በታኅሣሥ ገዝቶ ማስቀመጥ ከውጭ እህል ከማስጫን ይሻላል ብለን እናምናለን። ድንቹ ግን ቶሎ ይበላሻልና ለወራት ማከማቸት አይታሰብ። ከሰሉን ለአዲስ አበባ የሚሸጠው ገበሬም ለትምህርት ቤቱ የማገዶ ቅርንጫፍ መስጠት አያቅተውም፤ ይህን ግን የሚለምን ሰው ከእናንተ መካከል መነሣት አለበት።

አሁን ቀደም ብለን ወዳቆየነው፣ ወደ ቆጠራው እንመለስ። በዚህ ጉዳይ ከእኛ ቀድመው ብዙ የተፈተኑ ሁለት አገሮች አሉ። የእነርሱ ታሪክ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ታገሡንና ስሙ።

በአሜሪካ የትምህርት ቤት ምሳ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ኋላ እ.ኤ.አ. በ1965 የፌዴራሉ መንግሥት ለድሃ ልጆች ትምህርት ልዩ ገንዘብ መደበ። ገንዘቡ ወደ ትምህርት አውራጃዎች የሚሄደው በሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት የድህነት ግምት ነው። አውራጃው ለየትምህርት ቤቶቹ ሲያከፋፍል ግን ድሃው ልጅ የት እንዳለ ማወቂያ አጣ። ያገኘው የምሳውን ቅጽ ነበር። ወላጅ ልጁ በነፃ እንዲበላ ገቢውን ጽፎ ይፈርማል፤ ያ ወረቀት ሳይታሰብ የድህነት መዝገብ ሆነ። ብዙ ቅጽ ያለው ትምህርት ቤት ብዙ ገንዘብ ያገኛል። በእንግሊዝም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ መንግሥት ነፃ ምሳ ለተመዘገበ ልጅ ሁሉ ለትምህርት ቤቱ ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍላል። ቀጥሎም ባለፉት ስድስት ዓመታት አንድ ጊዜ እንኳ የተመዘገበ ልጅ እንዲታሰብ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2024 በተጀመረው የትምህርት ዘመን ይህ ለአንድ የአንደኛ ደረጃ ልጅ 1,480 ፓውንድ ነበር። አስተማሪ የሚቀጠርበት ገንዘብ ነው።

ከዚያ ደግ ነገር መጣ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 በመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ያሉ ልጆች ሁሉ፣ ሀብታምም ድሃም፣ በነፃ እንዲበሉ አደረገች። በለንደን እ.ኤ.አ. በ2023 የአንደኛ ደረጃ ልጆች ሁሉ ተጨመሩ። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ከመቶ 40 የሚሆኑት ልጆች በሌላ የድጋፍ መዝገብ ድሃ መሆናቸው የታወቀበት ትምህርት ቤት ቅጽ ሳያስሞላ ሁሉን እንዲመግብ ተፈቀደ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ልኩ ወደ 25 ወረደ። ልጆቹ ተለይተው ከማፈር ዳኑ፤ ተሰልፎ መጠበቅና የዕዳ ወረቀት ቀረ። ነገር ግን ወላጅ ልጁ ያለ ቅጽ ከበላ ቅጽ ለምን ይሞላል? ቅጹ ሲቀር የድሃው ልጅ ቁጥር ከመዝገብ ጠፋ፤ ቁጥሩ ሲጠፋ ለትምህርት ቤቱ የሚመጣው ተጨማሪ ገንዘብ አደጋ ላይ ወደቀ። ርእሰ መምህራን ለወላጆች «ምሳው ነፃ ነው፤ ግን እባካችሁ ስለ ትምህርት ቤቱ ብላችሁ ተመዝገቡ» እያሉ ደብዳቤ እስከ መላክ ደረሱ። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2022 ለተማሪዎች ሁሉ ነፃ ምግብ ስትጀምር፣ የትምህርት ገንዘቧ የሚታደለው በድሃ ልጆች ቁጥር ስለሆነ ከምሳው የተለየ ሌላ የገቢ ቅጽ ማስሞላት ግድ ሆነባት።

ከዚህ እኛ የምንወስደው እነርሱ ተሳሳቱ ብሎ መፍረድን አይደለም። ሁሉን መመገብ መልካም ነው፤ እኛም የምንደግፈው እርሱን ነው። የምንወስደው ይህን ነው፤ የድሃውን ልጅ ስም በሳህኑ ላይ ብቻ ያንጠለጠለ አገር፣ ሳህኑ ሲለወጥ ስሙ ይወድቅበታል። እነርሱ ቆጥረው ነበርና ቆጠራው እንዳይጠፋባቸው ይታገላሉ። እኛ ግን ገና አልቆጠርንም። አዲስ ቅዳም ያለው የተራበ ልጅ በትርፍ አምራች ወረዳ ስለተወለደ በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም፤ ድጎማውም በራስ ቁጥር ስለሆነ የእርሱ ትምህርት ቤት ከባለጸጋው ትምህርት ቤት የበለጠ አያገኝም።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጉድኝት ሁለት መዝገብ እንጠይቃለን። የመጀመሪያው ስለ ችግር የሚናገር መዝገብ ነው። የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ ቤቱን አይቶ ይመዘግባል። መሬት አለ ወይ፣ የሚያርስ በሬ አለ ወይ፣ እህሉ እስከ ስንተኛው ወር ይዘልቃል፣ ልጁ በማን እጅ ያድጋል። ይህ መዝገብ በርእሰ መምህሩ ሣጥን ይቆለፋል እንጂ በሳህን ሰልፍ ላይ አይነበብም። ምሳው ሲመጣ ልጆች ሁሉ አብረው ይብሉ፤ መዝገቡ የሚያገለግለው ወረዳውን፣ ክልሉንና እኛን የተለየ ድጎማ ለመጠየቅ ነው። ከወላጆች ጋር የምትነጋገሩት በአውኚ ይሁን፤ እናት በገዛ ቋንቋዋ የተጠየቀችውን ያህል በሌላ ቋንቋ አትመልስም።

ሁለተኛው የሳህን ቆጠራ ነው። በመስከረም የተመዘገበ ስም ሁሉ በየካቲት ወንበር ላይ አይገኝም፤ ይህ የታወቀ ነው። ድጎማ በራስ ቁጥር ሲታደል ስም ለማብዛት ፈተና አለ፤ እህል በራስ ቁጥር ሲታደል ፈተናው ሁለት ይሆናል። በየቀኑ የወጣ ሳህን ተቆጥሮ በመምህሩና በወጥ ቤቷ ሲፈረምበት ግን ከማናቸውም መዝገብ ይልቅ እውነተኛ የመገኘት ማስረጃ ይሆናል። ቁጥሩ ከምዝገባው ቢያንስ አትፍሩ። ዝቅ ያለ እውነተኛ ቁጥር ያመጣ ትምህርት ቤት ከእኛ ዘንድ ዕርዳታ አይቀነስበትም፤ ይህን ለርእሰ መምህራን በእኛ ስም ልትነግሩ ትችላላችሁ። በመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን በየዕለቱ ማዕድ ምክንያት ማጉረምረም የተነሣው አንዳንዶቹ መበለቶች ስለ ተዘነጉ እንደ ነበር የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ሁሉ ያስታውሳል። ሐዋርያት መፍትሔ ያደረጉት የታመኑ ሰዎችን በማዕዱ ላይ መሾም ነበር።

ሳናነሣ የማናልፈው ሌላ ነገር አለ። ይህ አገር በአብዛኛው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አገር ነው። ሳህኑ የማንንም ሃይማኖት አይጠይቅም። በረቡዕና በዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም የሚቀርበው የጾም ምግብ ይሁን፤ ገንፎው በዘይት ሊሠራ ይችላል። ሰዓቱም ከወላጆች ጋር ይወሰን። ወላጅ ልጁን በእምነቱ ምክንያት ከምሳ ቢያስቀር ጥፋቱ የወላጁ አይሆንም።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች እንደ ተዘጉና ብዙ ልጆች ለዓመታት ከትምህርት እንደ ራቁ ታውቃላችሁ። ገንዘብ በራስ ቁጥር በሚታደልበት ሥርዓት የተዘጋ ትምህርት ቤት ቁጥር የለውም። ሲከፈት ደግሞ የሚያስፈልገው ከሁሉ የበለጠ ነው። ወንበሩ ተሰብሯል፣ መዝገቡ ጠፍቷል፣ ልጁ አድጎ እረኛ ሆኗል። በእንደዚህ ያለ ጊዜ ምሳ ልጅን ወደ ወንበሩ ለመመለስ ካሉን መንገዶች ሁሉ ፈጣኑ ነው፤ ስለዚህም በሚከፈቱ ትምህርት ቤቶች ኩሽናውን ለማቆም ቅድሚያ እንሰጣለን። የመጀመሪያው ዓመት ቁጥር ትንሽ ቢሆንም ዕርዳታችን የሚሰላው ትምህርት ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት በነበረው ምዝገባ ልክ ይሆናል።

በመጨረሻ ስለ ከረጢቱ። ከእንግዲህ ለምሳ የምንገባው ውል የእህሉን ዋጋ ብቻ አይጽፍም። የወጥ ቤት ሴቶቹ ክፍያ፣ ማገዶ፣ ውኃና የመጋዘን ጥገና በውሉ ውስጥ ይገባሉ፤ ማን እንደሚከፍላቸውም በስም ይጻፋል። አጥቢያዎች ሊወስዱት የሚችሉት ከዚህ ውስጥ የወጥ ቤቶቹን ክፍያ ነው ብለን አስበናል። እህል መስጠት ደስ ይላል፤ ፎቶግራፍም ይነሣል። ደመወዝ መክፈል ግን ማንም አያየውም፤ ትምህርት ቤቱን ከጉዳት የሚያድነው ግን እርሱ ነው። ከትምህርት ቤቱ ድጎማ አንድ ብር እንኳ ለኩሽና እንዳይወጣ ኅብረቱና ርእሰ መምህሩ ይፈርማሉ። ውሉ ከሦስት ዓመት አያንስም። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ከወረዳው ጋር ተቀምጠን ቀጣዩን ማን እንደሚሸከም እንነጋገራለን፤ ምሳ በድንገት ሲቋረጥ ልጆቹ ይበተናሉ፣ ከእነርሱም ጋር ድጎማውና መምህሩ ይሄዳሉና።

የሁለቱ መዝገቦች ናሙና በአማርኛና በአውኚ ተባዝቶ በጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። ምዝገባ በነሐሴ መጨረሻ ስለሚጀመር፣ ዘንድሮ ለመግባት የሚፈልጉ ጉድኝቶች የችግሩን መዝገብ ሞልተው እስከ ሐምሌ 30 ያድርሱልን። ከወንዝ ማዶ ያለውን ትምህርት ቤት ስም ያልያዘ ማመልከቻ ተመላሽ ይሆናል። አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።